የተውሶ በሬዎች

ጠዋት ከማስተምርበት ክፍል ጠርተው ወሰዱኝ። ጠመኔው ገና እጄ ላይ ነበር። የቆቦ ፖሊስ ጣቢያ እስር ክፍል ጠባብ ናት፤ የቆርቆሮው ጣሪያ ከረፋዱ ጀምሮ ይግላል፤ ግድግዳው ላብ ላብ ይሸታል። ጥግ ላይ አንድ ሽማግሌ ኩታቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። አወቅኋቸው። ያሳሰረን አንድ ነገር ነበር።

በዋዜማው የመንግሥት ሲኒማ መኪና መጥቶ ገበያው ላይ ነጭ ሸራ ዘርግቶ ነበር። ፋብሪካ፣ ድልድይ፣ አውሮፕላን፣ በመጨረሻም “የበለጸገው የራያ ገበሬ”። ጽሑፉን በድምፅ ማጉያ የማነበው እኔ ነበርኩ። አዲስ ኩታ የለበሰ ገበሬ ሁለት የሰቡ በሬዎች ጠምዶ ሲያርስ ሲታይ፣ እኚህ ሽማግሌ ከሕዝቡ መካከል ተነሡ።

“ወላሂ እኔ ነኝ! በሬዎቹ ግን የእኔ አይደሉም፤ ለፎቶው አምጥተው መልሰው ወሰዷቸው!”

ከኋላ ያሉት “ምን አለ?” እያሉ ጮኹ። እኔም ሳላስበው ያሉትን በማጉያው ደገምኩት። ሕዝቡ ሳቀ። ግን በዚያ ዓመት ዝናብ ቀርቶ ማሽላው በቁሙ ደርቋል፤ ሳቁ ወዲያው ቆመ። ሽማግሌውን እዚያው ያዟቸው።

እኩለ ቀን ላይ አዛዡ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ገባ።

“አስተማሪ፣ ጻፍለት። በሬዎቹ የራሴ ናቸው፤ አሞኝ ነው የቀባጠርኩት ይበል። አንተም ተሳሳትኩ ብለህ ፈርም። ዛሬውኑ ትወጣላችሁ። እምቢ ካላችሁ ደሴ ወህኒ ነው።”

ሚስቴ አራስ ነበረች። ጻፍኩ። የራሴንም ጽፌ ፈረምኩ።

“እስቲ አንብብልኝ፣ ልጄ” አሉ ሽማግሌው። አነበብኩላቸው።

“የእኔ ናቸው ይላል?”

“ይላል፣ አባባ። ወረቀት ብቻ ነው እኮ።”

“የእኔን በሬዎች ድርቁ ጨርሷቸዋል። የሰው ከብት የእኔ ነው ብዬ አላህ ፊት አልቀርብም። አንተ ሂድ፤ አልቀየምህም።”

አንድ ፖሊስ አውራ ጣታቸውን በግድ ቀለም ውስጥ ነከረው። ሽማግሌው መዳፋቸውን ጨብጠው ያዙ። ፖሊሱ ሊፈለቅቀው ታገለ፤ ደከመውና ተወው። ሽማግሌው ውሃ ለመኑ። ቀለሙን ቀስ ብለው አጥበው፣ ውዱእ አድርገው ሰገዱ። እኔ ስወጣ ግንባራቸው መሬት ላይ ነበር።

በማግስቱ በጭነት መኪና ወደ ደሴ ወሰዷቸው። ከሳምንት በኋላ ዋጃ አጠገብ ቤታቸውን አፈላልጌ ሄድኩ። ባለቤታቸው በር ላይ ቆመው ሰሙኝ።

“ፈረመ?”

“አልፈረሙም።”

“እንግዲያ አይመጣም” አሉ፤ የምጠጣው ውሃም አመጡልኝ።

እንዳሉትም ሽማግሌው አልመጡም። ዛሬ እኔ ያኔ እሳቸው በነበሩበት ዕድሜ ላይ ነኝ። የእስር ወሬ ሲነሣ እኔም ታስሬ ነበር እላለሁ። ስንት ጊዜ ሲሉኝ፣ አንድ ቀን ብዬ እመልሳለሁ። እንዴት እንደወጣሁ ግን እስካሁን የጠየቀኝ ሰው የለም።