መዳፍ ላይ ያለ ጥይት

ሳጅን ጎበና ቡራዩ ውስጥ የወንጀል ቦታ መርማሪ ነው። ጎረቤቴ ነው። ግቢው ውስጥ ዶሮ ሞታ ብትገኝ እንኳ "አትንኳት!" ብሎ የሚጮህ ሰው ነው። ሥራው ሕግ አለው፤ መጀመሪያ ከሩቅ ፎቶ፣ ቀጥሎ ከቅርብ፣ ከዚያ ማስመሪያ አስጠግቶ። ዕቃው የሚነሳው ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። የወረቀት ፖስታ ውስጥ ይገባል፣ ሰዓቱ ይጻፍበታል፣ ይፈረምበታል።

በታኅሣሥ 2008፣ የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን በተቃወሙት ልጆች ላይ በተተኮሰ ማግስት ጠዋት፣ ከባልደረባው ከአደም ጋር ወደ ወይዘሮ ወርቅቱ ደጅ ተላከ። ልጃቸው ኢፋ የወደቀው እዚያ ነው። "ድንጋይ ይዞ ወደ ፖሊስ ሲሮጥ ተመታ" የሚለው የጣቢያው ወረቀት ግን ተጽፎ አልቋል። መርማሪ ሳይሄድ፣ ልጁ ሳይቀበር! ለዚህ ለዚህማ ማን ይቀድማቸዋል።

ሲደርሱ ደም የለም። ወርቅቱ አፈር አልብሰውት፣ በላዩ እሾህ ከምረውበታል።

"ቦታው ተበላሽቷል ብለህ ጻፍና እንሂድ" አለ አደም።

ጎበና ግን እንደ እናቱ ጠርቶ ጠየቃቸው። "ሃርሜ፣ ማነው የሸፈነው?"

"እኔ ነኛ! የልጄን ደም ውሻ ይላሰው እንዴ?"

"አፈሩን ማንሳት አለብኝ።"

"አንተ አትነካውም። እኔ አነሳዋለሁ።"

መከልከል ነበረበት። አልቻለም። ጓንት ሰጣቸው፤ እምቢ አሉ። ተንበርክከው በባዶ እጃቸው አፈሩን ገለጡት። እሱ ካሜራውን ሲያስተካክል ጣታቸውን ደም የጠጣው መሬት ውስጥ ሰደዱና የተጣመመ ጥይት አወጡ።

"ይኸው" አሉት፣ ቀኝ መዳፋቸውን ዘርግተው።

ጎበና ወዲያው ገባው። እየሮጠ የተመታ ሰው ጥይቱ ከሥሩ መሬት ውስጥ አይቀበርም። ኢፋ ከወደቀ በኋላ ከላይ ተተኩሶበታል። ጥይቱ መሬት ውስጥ ሳለ ግን ፎቶ አልተነሳም። ማስመሪያውን አስጠግቶ መዳፋቸውን ፎቶ አነሳ፤ ሌላ ምን ያድርግ?

አለቃው ፎቶውን አይቶ ሳቀ። "መዳፍ ላይ ያለ ጥይት ከየትም ሊለቀም ይችላል።" ፋይሉ ተዘጋ።

"ጎበና ነው በሆደ ቡቡነቱ ያበላሸው" የሚሉኝ አሉ። ዝም በሉ! የእናትየው እጅ ፎቶ ተነስቷል። የተኳሹ እጅስ የት አለ?

ጎበና ዛሬ የታክሲ ረዳት መልስ ሲዘረጋለት እንኳ መዳፉን አይቶ ይደነግጣል፤ መልሱን ጥሎ ይወርዳል። የሥራው መንገድ በወርቅቱ ደጅ ነው። እሳቸው ቀኝ እጃቸውን ጨብጠው ደረታቸው ላይ ይይዙና፣ ለሰላምታ ግራቸውን ይሰጡታል።

"አካም ጂርታ፣ ልጄ? ጥይቱ ምን አለ?"

"ገና ነው፣ ሃርሜ።"

ፋይሉ ከተዘጋ ዓመት አልፎታል።