በጭቃ ላይ የቀረ ጥልፍ

ዛሬ ጠዋት የግቢውን በር ስከፍት ጭቃው ላይ ትኩስ የሞተር ዱካ አየሁ። ለጎረቤት ዕቃ ያደረሰው ልጅ ገና ሞተሩን አላስነሳም። እዚህ ለሚ ኩራ ክረምት ሲገባ ጭቃው የረገጠውን ሁሉ ዱካ ይይዛል። ቆሜ ቀረሁ፤ የተቃጠለ ጎማ ሽታ መጣብኝ። ምንም የተቃጠለ ነገር አልነበረም እኮ።

ያኔ ጊዜው የደርግ ነው። ቤታችን ከቦሌ መድኃኔዓለም ወዲያ፣ አስፋልቱ አልቆ ማሳው የሚጀምርበት ነበር። ታላቅ ወንድሜ አየር ማረፊያው አካባቢ በመሥሪያ ቤት ሞተር ብስክሌት ደብዳቤ ያመላልሳል። ጎማው ሙልጭ ብሎ አልቋል፤ አዲስ ጎማ በወረፋ ነው፣ ወረፋው ደግሞ የሚደርስ አይደለም። በበጋ ግድ የለም፣ ይበርበታል። ጉዱ የሚመጣው የሰኔ ዝናብ አስፋልቱ ላይ ያለውን ዘይት ሲያነሳው ነው። ፍሬን ሲይዝ የኋላው ጎማ ወደ ጎን ይሸሻል። ሁለቴ ወድቆ ጉልበቱ ተልጦ መጣ።

"እጅሽ ለቀሚስ ብቻ ነው እንዴ? ለዚህም ጥርስ አውጪለት እንጂ!" አለኝ።

እኔ ያኔ ለሙሽሮች ጥልፍ እሠራ ነበር። ቢላዋ ከሰል ላይ አግዬ ጎማውን መቅረጽ ጀመርኩ። ቀጥ ቀጥ ያለ መስመር ይበቃው ነበር፤ ግን እኔን ማን ችሎኝ! ለሙሽራ ቀሚስ የማወጣውን ዚግዛግ፣ መሃል መሃሉ ላይ መስቀል ጣል እያደረግሁ፣ ዙሪያውን ሞላሁት። ጭሱ ዓይኔን ያቃጥለኛል፣ እኔ "እንዲህ ያለ ጎማ ሸገር አይታ አታውቅም" እያልኩ ጉራዬን እነዛለሁ። በማግስቱ በዶፍ ዝናብ ሄዶ ሳይወድቅ ተመለሰ። "ነክሶ ያዘልኝ!" ብሎ ግንባሬን ሳመኝ። የዚያን ቀን የነበረኝ ደስታ!

የሰፈራችን አብዮት ጠባቂ ከወንድሜ ጋር ኳስ እየተራገጠ ያደገ ልጅ ነበር። አንድ ቀን ጠመንጃውን እንዳነገተ ደጃችን ቆሞ ጭቃውን አተኩሮ አየ።

"ያንቺ እጅ ነው አይደል? ያምራል። የትም ባየው አውቀዋለሁ" አለና ሳቀ።

እኔም ሳቅሁለት። ግን ወንድሜ ከኮርቻው ሥር የሚይዘው ወረቀት ሁሉ የመሥሪያ ቤት እንዳልሆነ፣ በድብቅ የሚበተንም እንዳለበት አውቅ ነበር።

አንድ ጠዋት ዝናቡ እንዳባራ ወንድሜ ሞተሩን ሳያጠፋ ገባ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ጓደኛዬን ወሰዱት። ቀጥሎ እኔ ነኝ። ክርስትና አባቴ ጋ እሄዳለሁ።"

ክርስትና አባቱ ከወንዙ ማዶ፣ በምሥራቅ በኩል ያሉ ገበሬ ናቸው። ዳቦ በፎጣ ቋጠርኩለት። "ሲረጋጋ እመለሳለሁ" ብሎኝ ሄደ። ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ቆሜ ሰማሁ። ከዚያ ዓይኔን ወደ መሬት ጣል ባደርግ ክው አልኩ። ከደጃችን እስከ ማሳው፣ ጥልፌ ጥርት ብሎ ተዘርግቷል፤ መስቀሉ እንኳ አልጎደለም። ያንን የተከተለ ሰው ማንንም መጠየቅ አያስፈልገውም፣ ወንድሜ ዘንድ ይደርሳል። እጄን በቆረጠው!

ጫማዬን አውልቄ መርገጥ ጀመርኩ። እያንዳንዷን መስመር በተረከዜ እየዳመጥኩ፣ ቀሚሴን ሰብስቤ፣ እያለቀስኩ። ውሃ ቀድተው የሚመለሱ ሴቶች "ምነው፣ አበደች እንዴ?" ሲሉ ሰምቻለሁ። ወንዙ ጋ ስደርስ ተነፈስኩ፤ ከዚያ ወዲያ ድንጋይ ነው፣ ዱካ አይይዝም።

ስመለስ አብዮት ጠባቂው ብቻውን ደጃችን ላይ ቆሟል። መንገዱን አየ። ከዚያ እስከ ጉልበቴ ጭቃ የሆነውን እግሬን አየ። ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ።

"ታጠቢ" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ሌሎቹ ሳይደርሱ እግርሽን ታጠቢ።"

ወንድሜ ክርስትና አባቱ ጋ ሁለት ቀን ቆይቶ "መዘዝ አላመጣባችሁም" ብሎ በሞተሩ ወጣ አሉ። ከዚያ በኋላ ያየው የለም። ሞተ ብሎ ያረዳን፣ አለ ብሎ ያበሠረን አልተገኘም፤ እናቴ ለቅሶ እንኳ ሳትቀመጥለት አለፈች። ከደጃችን ሲወጣ የተወልን ነገር ቢኖር ያ ዱካ ነበር። እሱንም በገዛ እግሬ አጠፋሁት። ዛሬም ቢሆን ያንኑ አደርጋለሁ፤ ግን ይቆጨኛል። ከወንዙ ወዲህ አንዲት ስንዝር ባስቀር ምን ነበረበት?

"እማማ፣ ምን ጠፋብዎት?" አለኝ ዕቃ አድራሹ።

"ምንም። ጎማህ ሙልጭ ብሏል ልጄ፣ አስፋልቱ ላይ ቀስ በል" አልኩት።

እሱ ሲሄድ ዱካውን ሳልረግጥ በአጥሩ ጥግ ዞሬ ገባሁ።