ያልሞተችው አክስቴ ለቅሶ

ይህን ነገር ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ፆም ሲገባ ፊታቸው ተንበርክኬ ትንንሾቹን፣ መሳደቤን፣ መጠጣቴን እዘረዝርና እግዚአብሔር ይፍታህ ተብዬ እነሳለሁ። ይቺኛዋ ጉሮሮዬ ላይ ትቀራለች። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው፤ ፈሪ ነኝ።

አቃቂ፣ አንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ዕድሜዬን ሙሉ መካኒክ ነበርኩ። ጡረታ የወጣሁ ቀን በር ድረስ የሸኘኝ ሰው የለም። ሚስቴ ቀድማኝ አርፋለች፣ ልጅ የለንም፤ ስልኬም አይጠራም ነበር።

ከዚያ ሰናይት መጣች። እናቷ የፋብሪካ ባልደረባዬ ነበረች። ልጅቷ ስዊድን ሃያ ዓመት ኖራ፣ አገሬ ላይ ሥራ እከፍታለሁ ብላ ስድስት የካልሲ ማሽን አስጭና ተመለሰች። ቃሊቲ መጋዘን ተከራይታ ከፋብሪካ የተቀነሱ ሴቶችን ሰበሰበች። እኔንም ቤቴ ድረስ መጥታ "ጋሽ ታደሰ፣ ያለ እርስዎ አይሆንልኝም" አለችኝ። እዚያ የቀሩት ጓደኞቿ የእሷን መጨረሻ እያዩ ነበር፤ ከተሳካላት እነሱም ማሽን ይዘው ሊመጡ፣ ካልተሳካላት ሊቀሩ። አላውቅም ነበር ብዬ አልዋሽም። ራሷ ነግራኛለች።

ሙያዬን እንዳስተምራት ብርቱካንን ሰጠችኝ። ብርቱካን የሁለት ልጆች እናት ናት፤ ከገላን ኮንዶሚኒየም እየተመላለሰች ትሠራ ነበር። ዘይት ማጠጣቱን፣ መርፌ መቀየሩን አስተማርኳት። ክሩን የምትወጥረውን አንዲት ብሎን ግን ደበቅኳት። ብሎኗ ትንሽ ከላላች ካልሲው ሁሉ እየተቀዳደደ ይወጣል። ብሎኗን ስነካ ብርቱካንን "ጨርቅ አምጪልኝ" ብዬ እልካት ነበር። ሙያ በልብ ነው እያልኩ፣ አባባሉን ያለቦታው እየጠቀስኩ ራሴን አሞኘሁ። ልቤ ውስጥ የነበረው ሙያ ነው? ንፍገት ነው እንጂ።

አንድ ቅዳሜ ሰናይት ሁሉም ፊት፣ "ከእንግዲህ ብርቱካን አለችልን፤ የጋሽ ታደሰን ጉልበት አናደክምም" አለች። ለእኔ አዝና ነው። እኔ የሰማሁት ግን ሁለተኛ የጡረታ ደብዳቤዬን ነበር። ሴቶቹ ሲወጡ ካቻቢቴዬን አነሳሁና ስድስቱንም ብሎኖች አላላሁ። እኔ ነኝ ያላላኋቸው። በዚህ እጄ።

ለትምህርት መክፈቻ የሚሆን የመጀመሪያውን ትልቅ ትዕዛዝ ሐሙስ ማስረከብ ነበረባቸው። እኔ እሁድ ማታ "አክስቴ ቢሾፍቱ አርፋለች፣ ለቅሶ ሄጃለሁ" ብዬ መልእክት ላኩና ስልኬን ዘጋሁ። አክስቴ እስከ ዛሬ ደህና ናት፤ ዕድሜ ይስጥህ ትለኛለች። ምን ፈልጌ ነው? እንዲፈልጉኝ። መጥተው እንዲለምኑኝ። ሁለት ቀን በሬን ዘግቼ ደረቅ ዳቦ እየበላሁ ይህን ስመኝ ዋልኩ።

ረቡዕ ጠዋት ስልኬን ከፍቼ መመለሴን ለሰናይት ነገርኳት። "አሁኑኑ እንመጣለን" አለች። ደስታዬን አትጠይቁኝ።

መጡ። ሰናይት ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ፣ ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ዳቦና ለስላሳ ይዘው። ለካ የመጡት ለቅሶ ሊደርሱኝ ነው። "እግዜር ያጥናዎት" ብለው ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። ስለ ማሽን አንድ ቃል የሚተነፍስ ጠፋ። ሐዘን ቤት ገብቶ ስለ ሥራ ማን ያወራል? የብርቱካን ጥፍሮች በዘይት ጠቁረዋል፤ ሁለት ቀን ሙሉ ከማሽኖቹ ጋር ስትታገል ነው የከረመችው። የሰናይት ዓይን ቀልቷል፤ ለአክስቴ አልቅሳ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ይለምኑኛል ብዬ ጠበቅኩ። እነሱ ደግሞ ሐዘኔን አከበሩ።

ብሎኖቹን ማጥበቅ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር፤ ሌሊቱን ሠርተው ለሐሙስ ይደርሱ ነበር። "ተነሡ እንሂድ" ማለት ብቻ ነበር። ለምን አላልኩም? ሐዘንተኛ ካቻቢቴ ይዞ ሲሮጥ ካዩኝ ውሸቴ ይታወቃል ብዬ ፈራሁ። ለስሜ ስል የስንቱን እንጀራ ዘጋሁ! ሲወጡ ሰናይት ትከሻዬን ስማ "ጋሽዬ፣ የሥራውን ነገር አያስቡ፤ እስኪበረቱ ይረፉ" አለችኝ። አረፍኩ። ሐሙስም አለፈ።

ትዕዛዙን የሰጣት ነጋዴ ከውጭ የመጣ ካልሲ ገዛ። ብሎኖቹን በኋላ በድብቅ ባጠብቃቸውም ሌላ ትዕዛዝ የሚሰጣት አልተገኘም። ሰናይት ጥቂት ወራት ተንገዳግዳ ማሽኖቹን ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ሸጠችና ወደ ስዊድን ተመለሰች። ጓደኞቿም ቀሩ። መጋዘኑ አሁን ሲሚንቶ ይራገፍበታል።

ብርቱካን ቃሊቲ ታክሲ መያዣው ጋ ላስቲክ አንጥፋ የውጭ ካልሲ ትሸጣለች። ባለፈው ሳምንት ሳልፍ አስቆመችኝ።

"ጋሽ ታደሰ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ? ያን ሰሞን ማሽኖቹ ምን ነክቷቸው ነው? እርስዎ በሌሉበት እኔ ነካክቼ ያበላሸሁት እየመሰለኝ እንቅልፍ አጣለሁ።"

ይኸው፣ እግዜር በሩን ወለል አድርጎ ከፈተልኝ። "ዕድላችን ነው ልጄ" አልኳት።

"አይ፣ የእኔ ጥፋት ነው" አለችና አንድ ጥንድ ካልሲ አንስታ እጄ ላይ አደረገች። "ብርድ ነው፤ ያድርጉት።"

ተቀበልኳት። መርቄያትም ሄድኩ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ እናንተን አልበደልኩም። ይቅርታው ያለው እሷ ጋ ነው። በየቀኑ በዚያ በኩል አልፋለሁ፣ በየቀኑ ከመቀመጫዋ ተነሥታ እጅ ትነሣኛለች፣ እኔም "እንደምን ዋልሽ" ብዬ አልፋለሁ።