የከድሩ መንጋጋ

ከድሩ ቡራዩ ላይ ሚስማር፣ ቀለምና ቆርቆሮ ሲሸጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ቁጥብ ሰው ነው። ልጁ ኡዘይር ሱሉልታ ቁልቁለት ላይ የሚነዳው የጭነት መኪና ተገልብጦበት የሞተ ዕለት እንኳ እንባ ከዓይኑ አልወጣም። ለቀስተኛው "አላህ ምን ዓይነት ሶብር ነው የሰጠው!" እያለ አደነቀው።

ልጁ በሞተ በሁለተኛው ዓመት ግራ መንጋጋው ያመው ጀመር። ግራ የሚያጋባ ሕመም ነበር። ለስላሳ ነገር ሲበላ ምንም አይሰማውም። ቆሎ ሲቆረጥም ግን ነክሶ ገና ሲለቅ፣ መርፌ የሰኩበት ያህል ጆሮው ድረስ ይጠዘጥዘዋል። ሠፈሩ ያለ ክሊኒክ ሄዶ ራጅ ተነሣ፤ "ምንም የለም" ተባለ። ሲብስበት ተመልሶ "በቃ ንቀሉልኝ" አላቸው። ነቀሉለት። በአራተኛው ቀን ሥጋ ሲያላምጥ ያ መርፌ እንደገና መጣ። ጤነኛውን ነቅለው የታመመውን ትተውለት ኖሯል።

ሰበታ የወሰደችው ሚስቱ ረምዚያ ናት። ጎረቤታቸው ኦቦ ዋቆ ሄመን ስለምትባል የጥርስ ሐኪም ነግረዋት ነበር። ሄመን ራጁን አየት አደረገችና አስቀመጠችው።

"ጋሼ ከድሩ፣ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ ራጅ ላይ አይታይም። እስቲ ይህቺን ይንከሱልኝ።"

ትንሽ ፕላስቲክ በአንዱ ጥርስ ጫፍ ላይ አደረገችለት። ነከሰ። "ይልቀቁ" አለችው። ምንም የለም። ወደሚቀጥለው ጫፍ፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው አዛወረችው። አራተኛው ላይ ሲለቅ ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ሊነሣ ምንም አልቀረውም። የጥርሱን አሮጌ ሙሌት አውጥታ ውስጡን ሰማያዊ ቀለም ቀባችውና አጠበችው። ቀለሙ ጥርሱን ለሁለት የከፈለ ቀጭን መስመር ሆኖ ቀረ። በመስተዋት አሳየችው።

"ቀደም ብለው ቢመጡ ሽፋን አድርጌ አተርፈው ነበር" አለች። "አሁን ስንጥቁ ሥሩ ድረስ ወርዷል፤ ከመንቀል በቀር መፍትሔ የለውም። የሌሎቹም ጫፍ ተበልቶ አልቋል። ተኝተው ጥርስዎን ያፋጫሉ?"

"እኔ? በጭራሽ።"

"ያፋጫል" አለች በሩ አጠገብ የተቀመጠችው ረምዚያ። "ኡዘይርን ከቀበርን ወዲህ አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም።"

ከድሩ ዞሮ አያት። "ለምን አልነገርሽኝም?"

"ለቅሶህ መስሎኝ ተውኩህ።"

ሄመን ማደንዘዣ ወጋችው። ጥርሱ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ወጣ።

ወደ ቡራዩ ለመመለስ ታክሲ ሲጠብቁ፣ አፉ እንደደነዘዘ፣ ጥጥ እንደነከሰ መናገር ጀመረ።

"ያን ቀን ኡዘይር የመኪናው ፍሬን ልክ እንዳልሆነ ነግሮኝ ነበር። 'ይህቺን ብሎኬት አድርስና ታሠራዋለህ' አልኩት። እኔ ነኝ የላክሁት።"

"ዐውቃለሁ" አለች ረምዚያ አስፋልቱን እያየች። "ከመነሣቱ በፊት ደውሎልኝ ነበር። 'አባዬ እምቢ አለኝ' አለ። እኔም 'አባትህን ስማ' አልኩት።"

ከድሩ እጇን ሊይዝ ፈልጎ አልያዘም። ታክሲው መጣ፤ ገቡ፤ ቡራዩ እስኪደርሱ በየመስኮታቸው ውጭ ውጭውን አዩ።

ሄመን ተኝቶ የሚነክሰው የጥርስ መከላከያ ሠራችለት። ያደርገዋል፤ ማፋጨቱ ግን አልተወውም። በዓመቱ መከላከያውን ፈጭቶ ጨረሰውና በቀኝ በኩል ሌላ ጥርስ ሰነጠቀ። ምሳ ላይ ፊቱ ጭምድድ ሲል ረምዚያ አይታ በማግስቱ ወሰደችው፤ ሽፋን ተደርጎለት ያኛው ተረፈ።

አሁን ሲያፋጭ ዝም አትለውም። ትከሻውን ይዛ ትቀሰቅሰዋለች። አንዳንዴ ስለ ልጃቸው ያወራሉ። ብዙውን ጊዜ ግን ጎን ለጎን ተጋድመው፣ ሁለቱም እንዳልተኙ እያወቁ፣ ሳይነጋገሩ ይነጋል።