ታች ገመድ አለ

ይህ ነገር የደረሰብኝ የዛሬ ዓመት ተኩል ገደማ፣ የአትላንታ ሙቀት አናት በሚበሳበት ወቅት ነው። እስካሁን ከአእምሮዬ ያልወጣው በፍርሃቱ ብቻ አይደለም። አንዲት ቃል ልታስጨርሰን ደርሳ፣ መልሳ ያዳነችንም ያችው ቃል ስለሆነች ነው።

ሚስቴ ዘሃራ የመጀመሪያ ልጃችንን ሀያትን ከወለደች በኋላ እናቴ ልታግዘን ከወሎ መጣች። እኔ ያደግሁት አዲስ አበባ፣ ኮልፌ፣ አጎቴ ቤት ነው። እናቴ ግን ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችው ሐይቅ አጠገብ ባለች የገጠር መንደር ነው። እናትና ልጅ ብንሆንም አንድ ጣራ ሥር ብዙ አልኖርንም። አንዳንድ አነጋገሯ እስካሁን ለእኔ እንግዳ ነው።

ቤታችን ከአትላንታ ወጣ ብላ ያለችው ቻምብሊ ነው። ምድር ቤቱን፣ እዚህ ሁላችንም ቤዝመንት የምንለውን፣ ታይለር ለሚባል ፈረንጅ አከራይተነው ነበር። ታይለር ዱሉዝ ከተማ ያለ መጋዘን ውስጥ የሚሠራ፣ ኮሽታው የማይሰማ፣ ሲያገኘኝ አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላም የሚለኝ ጨዋ ሰው ነው። ሊከራይ ሲመጣ «ውሻ አለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። «የለኝም» አለ። «ድመትስ?» አልኩት። «ድመትም የለኝም» አለ። ደስ ብሎኝ ቁልፉን ሰጠሁት።

ልብ በሉ፣ ሰውዬው አልዋሸኝም። ሰው በመኝታ ክፍሉ ከውሻና ከድመት ሌላ ነገር ያሳድጋል ብዬ ያላሰብኩት እኔ ነኝ። በእኔ ቤት ጥንቁቅ አከራይ መሆኔ ነበር!

የልብስ ማጠቢያ ክፍላችንም እዚያው ቤዝመንት፣ ከታይለር ክፍል ጋር ግድግዳ ተጋርቶ ነው ያለው። የበሩ እጀታ ከውስጥ በኩል ከተበላሸ ቆይቷል። በሩ ከተዘጋ ከውጭ ሰው ካልከፈተው አይከፈትም። ዘሃራ አሠራው ባለችኝ ቁጥር «በዚህ ዊክኤንድ» እያልኩ ከርሜያለሁ። እስከዚያው በሩን በትልቁ የፈሳሽ ሳሙና ዕቃ ደግፈን ነበር የምንገባው።

ዕለቱ ቅዳሜ ነው። ዘሃራ ሥራ ገብታለች። እኔ ዳውንታውን ካለው የፓርኪንግ ሥራዬ ዕረፍት ሆኜ ሶፋ ላይ ተንጋልዬ ኳስ አያለሁ። እናቴ የሕፃኗን ልብስ ልታጥብ ወርዳ ብዙም ሳትቆይ ተመለሰች። አጠገቤ መጥታ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«ሰይዶ፣ ታች ገመድ አለ» አለችኝ።

«እሺ እማ፣ በኋላ አነሳዋለሁ» አልኳት፤ ዓይኔን ከቴሌቪዥኑ ሳልነቅል።

«በኋላ አይባልም። ስትወርድ ደግሞ ባዶ እጅህን እንዳትወርድ።»

«እሺ አልኩሽ እኮ።»

ወንበር ጎትታ ወደ ቤዝመንት በሚያስወርደው በር ላይ ተቀመጠች። ሕፃኗን ታቅፋ፣ ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ። እኔ እዚያ ጋ ይቀዘቅዛል ብላ ነው ብዬ አሰብኩ። እንዲያውም በሆዴ አመሰገንኳት፤ ኳሱን በሰላም እንዳይ ትታኝ ነዋ!

ኳሱ ሲያልቅ እናቴ ሕፃኗን አስተኝታ ዙህር ልትሰግድ ክፍሏ ገብታለች። ተነሳሁ። ባዶ እጅህን አትውረድ ያለችኝ ትዝ አለኝና፣ ኮሪደሩ ላይ የነበረውን ሙሉ የቆሻሻ ልብስ ቅርጫት ይዤ ወረድኩ። ያለችው ይህን መስሎኝ ነው። በሩን በሳሙናው ዕቃ ደገፍኩ፣ የታጠበውን ልብስ ከማጠቢያው ወደ ማድረቂያው አዛወርኩ፣ ማድረቂያውን አስነሳሁ። ከዚያ ገመዱን መፈለግ ጀመርኩ።

ገመዱ ከማድረቂያው ጀርባ እየተሳበ ወጣ።

ቡናማ ነው፤ ወፍራም ነው። መሬቱ ላይ ተዘርግቶ ሳይጨርስ ራሱን ቀና አደረገና አንገቱን አሰፋው። እኔ እንዴት ማጠቢያው ማሽን ላይ እንደወጣሁ አላውቅም። የማውቀው ስዘል የሳሙናውን ዕቃ በእግሬ እንደመታሁትና በሩ ከኋላዬ ቀጭ ብሎ እንደተዘጋ ነው። ባለፈው ዊክኤንድ ላሠራው የነበረው በር።

እንግዲህ ተዘጋብኝ። መስኮት የለም። ማድረቂያው ይጮኻል፣ ሙቀቱ ያፍናል። ማሽኑ ላይ ጉልበቴን አቅፌ ቁጢጥ ብያለሁ። እባቡ ከታች፣ እኔ ከላይ እንተያያለን።

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። ግድግዳው ሥር፣ የውኃ ቧንቧው የሚያልፍበትን ቀዳዳ ሳይ ከማን ክፍል እንደመጣ ወዲያው ስለገባኝ መጀመሪያ የደወልኩት ለታይለር ነው።

«ላውንድሪ ውስጥ እባብ አለ!» አልኩት።

«ወይኔ! ቡናማ ነች? አንገቷን ዘርግታለች?»

«አዎ።»

«ክሊዮ ነች። እንዳትንቀሳቀስ። ተጎድታለች እንዴ?»

እሷ ተጎድታ እንደሆነ ነው የሚጠይቀኝ። «መርዝ አላት?» አልኩት።

«ኮብራ ነች» አለኝ። ቀጥሎም ቶሎ ብሎ «ከናንተው ከአፍሪካ የመጣች ናት» አለኝ። የአገሬ ልጅ መሆኗን ስሰማ እረጋጋለሁ ብሎ ይሁን አላውቅም።

ከዚያ ልመናው መጣ። «ፕሊስ፣ ፖሊስ እንዳትጠራ። ላይሰንስ የለኝም። ይወስዱብኛል፣ እኔንም ይከሱኛል። አሁኑኑ ከሥራ ወጥቼ እየነዳሁ ነው። እኔ ብቻ ነኝ የምይዛት። ፕሊስ፣ ወንድሜ።»

«እሺ» አልኩት።

ይህን «እሺ» ለፈረንጅ ላስረዳ ብል አልችልም። የእኛ ሰው ግን ይገባዋል። ኮብራ ፊት ለፊቴ ቆሞ እኔን ይሉኝታ ያዘኝ! ሰውዬው ሲያለቅስ ሰማሁት፤ ኪራዩን አጓድሎብኝ አያውቅም፤ በእኔ ስልክ እስር ቤት ሲገባ ታየኝ። ደግሞ ቤቱ በስሜ ነው፤ ፖሊስ ሲመጣ እኔንስ ምን ይለኛል ብዬ ፈራሁ። ስልኩን ዘግቼ መጠበቅ ጀመርኩ። ከዱሉዝ እኛ ቤት ድረስ ያለውን መንገድ፣ የቅዳሜውን ትራፊክ፣ እያንዳንዱን መብራት በሐሳቤ አብሬው ነዳሁት።

እግሬ ደነዘዘ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ ያቃጥለኛል፤ ለመጥረግ እጄን ማንሳት ፈራሁ። እባቡ አንገቱን አጠበበና በዝግታ ወደ በሩ ሄደ። በበሩ ሥር ቀዝቀዝ ያለ አየር ይገባል። እዚያው በሩ ሥር ርዝመቱን ሙሉ ተጋደመ። በሩን የሚከፍት ሰው እግሩን የሚያሳርፈው እሱ ላይ ነው።

ይሄኔ ደረጃው ላይ የነጠላ ጫማ ድምፅ ሰማሁ።

«ሰይዶ! ምን ዋጠህ?» አለች እናቴ።

«አትክፈቺ!» ብዬ ጮኽኩ።

«ኧ?»

«አትክፈቺ! እማ፣ አትክፈቺ!»

ማድረቂያው ይጮኻል። የሰማችው ግማሹን ነው። «እከፍትልሃለሁ፣ መጣሁ! ይሄ የማይረባ በር ቆለፈብህ አይደል?» አለች። የነጠላ ጫማው ድምፅ ፈጠነ። በዚያ መሐል አንድ ሌላ ድምፅ ሰማሁ። ሀያት ነቅታ ታጉረመርማለች። እናቴ አዝላታለች፤ ገመዱን እስካሁን የጨረስኩት መስሏታል።

እጀታው መዞር ጀመረ። ከእኔ በኩል ያለው የተበላሸው እጀታ አብሮ ሲዞር አየሁት። ምን ልበል ብዬ አላሰብኩም። ያለ የሌለ ድምፄን አውጥቼ፣

«ገመድ! እማ፣ ገመዱ በሩ ሥር ነው!» አልኩ።

እጀታው ግማሽ ላይ ቆመ። ከዚያ ቀስ፣ ቀስ እያለ ወደ ቦታው ተመለሰ።

እናቴ ከማዶ በሩን ተጠግታ፣ በጣም በተረጋጋ ድምፅ «አየህ? ነግሬህ ነበር» አለችኝ። «ባዶ እጅህን አትውረድ አላልኩህም? ዱላ የለህም?»

«ቅርጫት ነው የያዝኩት» አልኳት። ከዚያ ሕፃኗ ትዝ አለችኝ።

«ልጄን ይዘሽልኝ ውጪ፣ እማ። ከቤቱ ውጪ።»

«አንተስ የማን ልጅ ነህ?» አለችኝ።

አለቀስኩ፤ እውነቱን ነው የምነግራችሁ። አብሬያት ብዙም ያልኖርኩት እናቴ፣ ውፍረቱ አንዲት ጣት በማይሞላ በር ማዶ ቆማ አልሄድም አለች። «ሰው ጠርተሃል?» ስትለኝ የታይለርን ነገር ነገርኳት፤ እየመጣ ነው፣ ፖሊስ አትጥራ ብሎኛል አልኳት።

«ለማን ብለህ ነው ዝም የምትለው? ሰው ጥራ። ስትደውል በጆሮዬ ካልሰማሁ ከዚህ ንቅንቅ አልልም።»

ለድንገተኛ እርዳታ ደወልኩ። በእንግሊዝኛ ሳወራ እስክትሰማ ጠበቀች። ከዚያ በኋላ ነው የነጠላ ጫማዋ ድምፅ ደረጃውን የወጣው። ያን ያህል ርቆ የሚሄድ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።

ቀድሞ የደረሰው የእሳት አደጋ መኪና ነው። ቀጥሎ የዱር እንስሳት ተቆጣጣሪዎች መጡ፤ ረጅም መንጠቆና ክዳን ያለው በርሜል ይዘዋል። በሩን በጥቂቱ ገርበብ አድርገው መንጠቆውን አስገቡ። እኔን «አትንቀሳቀስ» አሉኝ፤ መንቀሳቀስማ መች ቻልኩ! እባቡን አንስተው በርሜሉ ውስጥ ሲከቱት ቀላል ነገር ይመስል ነበር። እኔን ከማሽኑ ላይ ለማውረድ ግን ሁለት ሰው አስፈለገ።

ታይለር ወዲያው ደረሰ። በርሜሉን ሲያይ ተንሰፈሰፈ። ክፍሉን ሲከፍቱት ሌሎችም እባቦች በየመስታወት ሣጥናቸው ተገኙ፤ የአንዱ ሣጥን ክዳን በደንብ አልገጠመም ነበር። ተቆጣጣሪው ፈቃዱን ሲጠይቀው «ላመለክት አስቤ ነበር» አለ።

«ብታመለክትም አይሰጥህም» አለው ተቆጣጣሪው። «መርዛማ የውጭ አገር እባብ ለቤት ማሳደጊያ ብሎ ፈቃድ የለም። ፈቃዱ ለሚያስተምር፣ ለሚመራመር፣ ለሕዝብ ለሚያሳይ ነው። እነሱም ኢንሹራንስ ገብተው፣ ማቆያቸው ታይቶና ተመርምሮ ነው።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ የቤቱ ባለቤት ነህ። እንስሳ እንዳለው አልጠየቅኸውም?»

«ጠይቄዋለሁ» አልኩት። «ውሻ አለህ? ድመት አለህ? ብዬዋለሁ።»

ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን አዞረ። ቢስቅም አልፈርድበትም።

ስወጣ እናቴ ሣሩ ላይ ሕፃኗን እንዳዘለች ቆማለች። ምንም ሳትለኝ ጎንበስ ብላ ሱሪዬን ወደ ላይ ሰብስባ እግሬን በእጇ ዳሰሰችው፤ አንዱን ጨርሳ ሌላውን። ደህና መሆኔን ስታረጋግጥ ጎረቤቱ ሁሉ እያየ ጀርባዬ ላይ አንድ ጥፊ አቀመሰችኝ።

ማታ ስንቀመጥ «ለምን እባብ ነው አላልሽኝም?» አልኳት።

«ስሙን በቤት ውስጥ ይጠሩታል እንዴ? ስሙን የሰማ መጣሁ ነው የሚለው። እኛ አገር ገመድ ነው የምንለው። ሕፃን ልጅ ያውቀዋል» አለችኝ። ዘሃራና እኔ ተያየን። ሁለታችንም የከተማ ልጆች ነን፤ አናውቅም።

«እኔ በሩ ጋ በስሙ ብጠራልሽስ ኖሮ?»

«ያኔማ ነደፈው ብዬ በሩን እበረግደው ነበር» አለች።

ታይለር በዚያው ሳምንት ዕቃውን ጭኖ ወጣ። ጉዳዩ ምን ላይ እንደደረሰ አላውቅም። አንጀቴን በልቶታል፤ ክፉ ሰው አልነበረም። ግን እሱ ስለ እባቡ ሲለምነኝ እኔ የእናቴንና የልጄን ነፍስ ለይሉኝታ አስይዤ እንደነበር ሳስብ አሁንም በራሴ እናደዳለሁ። የበሩን እጀታ በማግስቱ አሠራሁት። አሁን ተከራይ ሲመጣ ውሻና ድመት አልልም፤ «ከራስህ ሌላ ነፍስ ያለው ነገር ታስገባለህ?» ነው የምለው።

እናቴ ወደ አገሯ ተመልሳለች። ሀያት አፍ ፈትታ አማርኛውንም እንግሊዝኛውንም ትቀላቅላለች። አያቷ በስልክ አስተምራት ነው መሰለኝ፣ የጫማ ማሰሪያ ስታይ «ገመድ» ትላለች፤ የቻርጀር ሽቦም ገመድ ነው፣ የአትክልት ማጠጫው ጎማም ገመድ ነው። ዘሃራ ትስቅብኛለች። እኔ ግን ልጄ «አባ፣ ገመድ» ባለችኝ ቁጥር ኳሱ የትም ይድረስ የትም፣ ተነስቼ እሄድና አያለሁ።