«ቅረጪኝ» ብላ አጥር ላይ የወጣችው ልጄ

ቅዱሳን፣ ሰላም ለቤታችሁ! ጌታ ይባረክ! መሪያችን «እህታችን፣ አጠር አድርጊው» ብለውኛል። እሞክራለሁ። ግን ጌታ ያደረገልኝ ራሱ አጭር አይደለም፣ እኔ ምን ላድርግ! ዛሬ ስለ ልጄ ስለ ቃልኪዳን ልመሰክር ነው የቆምኩት። ሃሌሉያ!

መካነ ሰላም ውስጥ ቃልኪዳንን የማያውቅ ሐኪም የለም። ይቺ ልጅ ቁጭ ብላም ትወድቃለች! ከአህያ ወድቃ እጇ ተሰበረ፤ ጀሶው ሳይወጣ ደግሞ ከደረጃ ተንከባለለች። ባቄላ አፍንጫዋ ውስጥ ከትታ አስወጥተንላታል። የካርድ ክፍሉ ሰውዬ ስሟን መጠየቅ ትቷል፤ ገና ሲያየን «ዛሬስ የቱ ጋ ነው?» ነው የሚለን።

አባቷ ሪያድ ሹፌር ነው። ነፍሰ ጡር ሆኜ ስለሄደ ልጁን በአካል አላያትም። ፌስቡክ አገራችን ሲገባ ታዲያ እኔ ልጁን በስልክ ላሳድግለት ቆረጥኩ። ስትበላ፣ ስትስቅ፣ በጀሶ እጇ ስትጨፍር እለጥፋለሁ። የአገራችን የቦረና ልጅ ሁሉ ከጂዳ፣ ከቤሩት ሆኖ ይስቃል፤ ደስ ይለኛል! አማቴ ግን ይመጡና «አንቺ ልጅ፣ የልጄን ልጅ ለአገር ዓይን አሰጣሻት!» ይሉኛል። እኔም እፈራለሁ። ብዙ ሰው ባየልኝ ቁጥር አዋቂ ቤት ሄጄ አንድ ክታብ አስርላታለሁ። መለጠፉንም አልተው፣ መፍራቱንም አልተው! የክታቡ የቆዳ ክር አንገቷ ላይ ተደራረበ። ሰላም ግን የለኝም ወገኖቼ። ልጄ ስትስቅ እንኳ ልቤ ድንግጥ ይላል።

አንድ ቀን ከሰዓት ግቢያችን ውስጥ ለአባቷ ሰላምታ እያስቀረጽኳት ነው። «እማዬ፣ ለአባዬ ዝላይ ላሳየው፣ ቅረጪኝ!» ብላ የባህር ዛፍ አጥሩ ላይ ወጣች። «ውረጂ!» ስላት ዘለለች። የክታቡ ክር በአጥሩ እንጨት ጫፍ ተያዘ። ልጄ በአንገቷ ተንጠለጠለች! ቆዳ ነው፣ አይበጠስም። ስልኬን ወርውሬ እግሯን አቅፌ ወደ ላይ ደገፍኳትና ጮህኩ። ጎረቤቴ አስካለ፣ ያቻት፣ ነጠላዋን አፏ ላይ የያዘችው፣ ማጭድ ይዛ መጥታ ክሩን ቆረጠችው። ልጄ እጄ ላይ ዝልፍልፍ አለች።

በባጃጅ ሆስፒታል አደረስናት። ሐኪሙ «እየተነፈሰች ነው፤ ግን እስክትነቃ ምንም ልልሽ አልችልም። ወደ ደሴ እንልካታለን፤ አምቡላንሱ ሰው ይዞ አቀስታ ሄዷል፣ እስኪመለስ ጠብቂ» አለኝ።

አማቴ እያለከለኩ ደረሱ። በእጃቸው አዲስ ክታብ ይዘዋል። «ያኛው ረክሶ ነው፤ ቶሎ እሰሪላት!» አሉኝ። ተቀበልኳቸው። ላስር ጎንበስ ስል አንገቷን አየሁት፤ ክሩ ያረፈበት ቀልቷል፣ አብጧል። ይሄ አይደል እንዴ ልጄን አንቆ የያዛት? መልሼ ላስርላት ነው? «እማማ፣ ይተዉት፣ አላስርላትም» አልኳቸው። አማቴን እምቢ ስል ያኔ የመጀመሪያዬ ነው፣ እውነቴን ነው! አስካለ ትከሻዬን ይዛ «አብሽሪ እህቴ፣ ጌታ አለ» አለችኝ። እኔ መጸለይ መች አውቃለሁ? «የአስካለ ጌታ ሆይ፣ እኔ አላውቅህም። ልጄን ያዝልኝ፤ እኔ መያዝ አቅቶኛል» አልኩ። በቃ፣ ጸሎቴ ይኸው ነው! ልጄ ገና ሳትነቃ ያ የኖረብኝ ፍርሃት ከላዬ ላይ ተነሳ። ክብር ለስሙ ይሁን!

አምቡላንሱ ሳይመጣ ልጄ ዓይኗን ገለጠች። ምን አለች መሰላችሁ? «እማዬ፣ ቀረጽሽኝ?» እልል በሉልኝ እንጂ! ሐኪሙ ሮጦ መጣ፤ ዓይኗን አየ፣ «እጅና እግርሽን አንቀሳቅሺ» አላት። «እንዴ፣ ይቺ ልጅ!» ብሎ ሳቀ። ደሴም ሄደን ተመረመረች፤ «ምንም የለባትም» ተባልን። አማቴ ያንን ሲሰሙ መሬት ቁጭ ብለው አለቀሱ።

ባለቤቴ ሲደውል «ባዶ አንገቷን ተውሻት?» ብሎ ተቆጣኝ። ስልኩን ለልጄ ሰጠኋት። ድምጿን ሲሰማ ተንሰቅስቆ አለቀሰ። እስካሁን አላመነም፣ ጸልዩለት። ግን በደወለ ቁጥር «ያ ጌታሽ እንዴት ነው?» ይለኛል። ይቀልድብኛል፤ እኔ ግን እየቀረበ ነው እላለሁ፣ አሜን በሉ!

ዛሬም የልጄን ፎቶ እለጥፋለሁ፤ ክታብ የለም። አጥር ላይ ስትወጣ ግን አወርዳታለሁ፤ ጌታ አለ ተብሎ አጥር ላይ አይወጣም! እናቶች፣ በልጆቻችሁ ፍርሃት የታሰራችሁ፣ ይህን ጌታ እመኑት። እኔን ያልናቀ እናንተን አይንቅም። በቃ፣ ልጄን እዩአትና ልውረድ። ቃልዬ፣ ነይ ወደዚህ። ቀስ በይ! ደረጃውን እይ… ውይ! ተዉአት፣ ተዉአት፣ አታንሷት ወገኖቼ። ይኸው፣ ራሷ ተነሳች፣ እየሳቀች ነው! ሃሌሉያ!