የብጉሬ ሐኪም

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጄ ማህሌት ኩሽና ውስጥ ስትንጎዳጎድ ቆይታ ፊቷን ቢጫ ተቀብታ ሳሎን ብቅ አለች። እርድ በእርጎ በጥብጣ ነው። በማግስቱ የጓደኛዋ ሰርግ ነበር፤ ሚዜ ናት። ስልኳ ላይ አንዲት ወጣት እያሳየች የምታስተምረውን አይታ ነው የሠራችው። እንዳልስቅባት ገና ከበሩ ላይ አስጠነቀቀችኝ። አልሳቅሁም። ከአፌ የወጣው፣ “መጀመሪያ ክንድሽ ላይ ሞክረሽዋል?” የሚል ጥያቄ ነበር።

ማህሌት ቆም ብላ አየችኝ። ጡረታ የወጣ አስተማሪ አባቷ ስለ ፊት ቅባት ምን ያውቃል? ከየት እንደሰማሁት ጠየቀችኝና መልስ ሳትጠብቅ ወደ ኩሽናዋ ተመለሰች። ሽታው ግን እኔ ጋር ቀረ። እርድ ሲረጥብ የመጀመሪያው ዝናብ የወረደበት አፈር ዓይነት ሽታ አለው፤ እርጎ ሲገባበት ደግሞ ኮምጠጥ ይላል። ያን ሽታ ስንት ዘመን ረስቼው ነበር። ጋዜጣዬን አጥፌ አስቀመጥኩ።

ያኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። የምንኖረው እዚሁ ኮልፌ፣ ከ18 ማዞሪያ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ብዙ ቤተሰብ በአንድ ግቢ ተጎራብቶ በሚኖርበት ሰፈር ነው። ውሃው የጋራ፣ ኩሽናው የጋራ፣ ጠቡም እርቁም የጋራ ነበር። አባቴ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ እናቴ ቤት ውስጥ ናት። በዚያ ዓመት ከጥምቀት በኋላ ፊቴን ብጉር ወረረው። አንድ ሁለት ብጉር ማለቴ አይደለም። ግንባሬ፣ ጉንጬ፣ አገጬ፣ አንገቴ ድረስ ቀላ፤ ያብጣል፣ ይመግላል፣ ይፈርጣል፣ ሌላው ይተካል። የክፍል ጓደኞቼ ቆሎ ፊት የሚል ስም አወጡልኝ። የሰፈር ጎልማሶች ደግሞ ሴት ተመኝተህ ነው እያሉ ይስቁብኝ ነበር። አባቴ የልጅነት ነው፣ በራሱ ጊዜ ይጠፋል ከማለት በቀር ቁም ነገር አላደረጉትም።

እኔ ግን ከሰው መሸሽ ጀመርኩ። መጀመሪያ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ቀጥሎ አንዳንድ ቀን መቅረት አመጣሁ። በመጨረሻ ጠዋት ደብተሬን ይዤ እወጣና ወደ ትምህርት ቤት በመሄድ ፈንታ እስከ አየር ጤና በእግሬ ሄጄ፣ ጋራዦቹ አካባቢ መኪና ሲፈታና ሲገጠም ሳይ ውዬ እመለስ ጀመር። ማትሪክ እየደረሰ ነበር። አባቴ ይህን ቢያውቁ ኖሮ ምን ያደርጉኝ እንደነበር ዛሬም ሳስበው ያስፈራኛል።

የደረሰችብኝ የሺ ናት። የሺ የእትዬ አስካለ ልጅ ነች፤ በእኛና በእነሱ ቤት መካከል ያለው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነበር። በዕድሜ በጥቂት ትበልጠኛለች። ትምህርቷን ስምንተኛ ክፍል ላይ አቁማ፣ ኮልፌ ገበያ ቅመምና ቅቤ የሚሸጡትን እናቷን ትረዳለች። አንድ ቀን እናቷ ለአንድ ደንበኛ ዕቃ አድርሺ ብለዋት ኖሮ ጋራዦቹ ጋ በዩኒፎርሜ ቆሜ አገኘችኝ። አልጮኸችብኝም፤ ለማንም አልናገርም ብላም ቃል አልገባችልኝም። አጠገቤ መጥታ ቆመችና ፊቴን ልብ ብላ አየችው። ከዚያ በፊት ሰው ሁሉ ፊቴን ወይ ሰርቆ ያያል፣ ወይ ላለማየት ዓይኑን ያሸሻል። እሷ ግን ጨርቅ እንደሚገዛ ሰው ነበር የምታየው።

“በጥፍርህ ነው ያበላሸኸው፤” አለችኝ። “ቅዳሜ እናቶቻችን ገበያ ሲሄዱ ኩሽና ና። ትምህርትህን ግን ከነገ ጀምረህ ትገባለህ።”

የሺ ራሷ ስለ ቆዳ የምታውቅበት ምክንያት ነበራት። በሕፃንነቷ እናቷ ቅቤ ሲያነጥሩ ድስቱ ተገልብጦባት፣ ግራ ክንዷና አንገቷ እስከ ጆሮዋ ሥር ድረስ ተቃጥሎ ነበር። የዳነችው ማር እየተቀባች ነው ይሉ ነበር እትዬ አስካለ። ክንዷና አንገቷ ላይ ያለው ቆዳ እንደ ተጨማደደ ወረቀት ተሸብሽቦ ቀርቷል። በሙቀትም ሆነ በብርድ ሻሽዋን አንገቷ ላይ ጠምጥማ ነው የምትውለው። ካደገች ወዲህ ጠባሳውን ለማለስለስ ከእናቷ ቅመም መካከል ያልሞከረችው አልነበረም። አብሽ ዘፍዝፋ ለጥፋበታለች፤ ድንች ፈቅፍቃ ጭማቂውን ቀብታዋለች፤ ለጋ ቅቤ በማር አሽታዋለች። ጠባሳው እምብዛም አልተለወጠም። የማይለወጠውን ስትታገል ግን ሌላውን ሁሉ ተምራለች።

ቅዳሜ እናቶቻችን ገበያ ሲወጡ ኩሽናዋ ለእኛ ትቀር ነበር። ጥላሸት የጠጣ ግድግዳ፣ የሚያፈስ ቆርቆሮ፣ አንዲት ዱካ። ዱካዋ ላይ ታስቀምጠኝና ፊቴን ለብ ባለ ውሃ በንጹሕ ነጠላ ቁራጭ ትጠርገዋለች። የመጀመሪያው ሳምንት አጃ ፈጭታ በእርጎ ለወሰችልኝ። በሚቀጥለው እርድ በማር አደረገችና ቢጫው አልለቅ አለኝ። አባቴ በማግስቱ ቁርስ ላይ ትክ ብለው አዩኝና፣ ይሄ ልጅ የወፍ በሽታ ይዞታል ብለው እናቴን አስደነገጡ። የሺ ይህን ስነግራት በሳቅ ፍርፍር አለች። በሚቀጥለው ጊዜ እርዱን ቀነሰችው።

ምንም ነገር ፊቴ ላይ ከማኖሯ በፊት በራሷ ክንድ ላይ ትሞክረው ነበር፤ ለዚያውም በደህናው። አንድ ጊዜ ለምን በግራው እንደማትሞክረው ጠየቅኋት። ያኛው ቆዳ ቢያቃጥለውም አይናገርም አለችኝ፤ ስለዚህ አይታመንም። አንድ ቅዳሜ ሎሚ ጥሩ ነው ሲሉ ሰምታ ክንዷ ላይ ቀብታው ፀሐይ ላይ ልብስ ስታሰጣ ዋለች። ማታ ቆዳዋ ቀልቶ አበጠ። እኔን ሎሚ ቀብታኝ አታውቅም።

ስንት ነገር አወራን በዚያች ኩሽና! በግንቦት የታሪክ ደብተሬን ይዤ እየሄድኩ፣ ፊቴ ላይ የቀባችው እስኪደርቅ እሷ ጥያቄ ታነብልኛለች፤ እኔ በጣቴ መልሱን አየር ላይ እጽፋለሁ። ስሳሳት በማማሰያ ጉልበቴን ትመታኛለች። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፃችን ስለማይሰማ ዝም ብለን እንቀመጣለን። ያንን ዝምታ የምወደው መሆኔን እንኳ ያኔ አላውቅም ነበር። ቅዳሜ እስኪደርስ እንደምቸኩል አውቃለሁ፤ ምክንያቱ ግን ፊቴ ይመስለኝ ነበር።

ማትሪክ ተፈተንኩ። ፊቴም እየጠራ ሄደ። ማሩ ይሁን፣ ጥፍሬን መሰብሰቤ ይሁን፣ ወይ አባቴ እንዳሉት ጊዜው ደርሶ ይሁን፣ አላውቅም። ክረምት ገብቶ፣ ከሰፈራችን የሚያስወጣው መንገድ ጭቃ ሆኖ፣ ውጤት መጣ፤ አለፍኩ። ከአዲስ አበባ ውጭ የመምህራን ኮሌጅ ደረሰኝ። ግቢው በሙሉ ደስ አለው። አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእኔ ለራሴ በልኬ ሱፍ ሰፉልኝ።

በዚያው ሰሞን ከወልቂጤ አንድ ቅቤ ነጋዴ ሽማግሌ ልኮ የሺን መጠየቁን ከእናቴ ሰማሁ። ሚስቱ የሞተችበት፣ ጎልማሳ ሰው ነው፤ ደግ ነው ይሉታል። ዕቃ ከሚያቀብላቸው ከእትዬ አስካለ ጋር የቆየ ትውውቅ አለው። እናቴ ስታወራው፣ ጠባሳዋን አውቆ ነው የጠየቃት፣ እድለኛ ናት አለች። በክፋት አልነበረም ያለችው፤ ግቢው ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚያስበው። እኔ ግን ራቴን ሳልነካ ተነሣሁ። ምሳ የበላሁት ያልተስማማኝ መስሎኝ ሄጄ ተኛሁ። ሞኝነቴ እስከዚህ ድረስ ነበር።

የመጨረሻዋ ቅዳሜ ነሐሴ ላይ ነበረች። ፊቴ ከእንግዲህ ብዙ የሚያስፈልገው ነገር ባይኖርም እንደ ልማዴ ሄድኩ። የሺ የእንቁላል ነጭ መትታ አረፋ አድርጋ ጠበቀችኝ። እንቁላሉ ሲደርቅ ቆዳን ሰብስቦ ይይዛል፤ አፍ ከተከፈተ ይሰነጣጠቅና ልፋቱ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ሕጓ አንድ ነበር፤ እስክትታጠብ አትናገርም። ቀብታኝ ስትጨርስ እጇን ታጥባ ፊት ለፊቴ በርከክ አለች። ሻሽዋን ፈታ እንደገና ጠመጠመችው።

“ግርምሽ፣” አለችኝ ወደ በሩ እያየች፣ “ይሄን ሰውዬ እሺ ልበለው?”

ውጭ ካፊያ ነበር። አይሆንም ለማለት እንቁላሉን መሰንጠቅ ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ። ጭንቅላቴን መነቅነቅ እንኳ ይበቃ ነበር። እውነቱን በዚያች ቅጽበት ነው ያወቅሁት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የምመጣው ለእሷ ነበር። አንገቷ ላይ ያለውንም ጠባሳ ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በኋላ ማየት ትቼ ነበር፤ ሳስባት የሚመጣብኝ የሳቋ ድምፅ ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያወቀ ልጅ ምን ብሎ ይጀምራል? ኮሌጅ መሄዴ ነው፤ ኪሴ ባዶ ነው፤ በዕድሜ ታንሳለህ ይሉኛል። እየደረቀ ያለውን ነጭ ፊቴን ይዤ ቁጭ አልኩ።

ጥቂት ጠብቃ ተነሣች። መጥተህ ታጠብ አለችኝና ውሃ አፈሰሰችልኝ። ስታጠብ ቃላቱን እያሰካካሁ ነበር። ቀና ስል ግን እትዬ አስካለ ከገበያ ገብተው በሩ ላይ ቆመዋል። እንዴት ዋሉ አልኳቸው። መርቀው፣ ኮሌጅ ስገባ እናቴን እንዳልረሳ መከሩኝ። የሺ አገጬን በጣቷ ቀና አድርጋ ወደ ብርሃን አዞረችውና፣ “በቃ፣ ድነሃል። ከእንግዲህ አያስፈልግህም፤” አለችኝ።

ጥቅምት ላይ ኮሌጅ ሄድኩ። ለገና ስመለስ የሺ ወልቂጤ ገብታለች።

ከዚያ በኋላ ሕይወት የራሱን መንገድ ሄደ። አስተማርኩ፤ ወደ ኮልፌ ተዛወርኩ፤ ዓለምነሽን አገባሁ፤ ማህሌትን ወለድን። ጥሩ ቤት ነው ያለኝ፤ ይህን የምለው ለጨዋነት አይደለም። የሺን ዳግም ያየኋት ከብዙ ዓመት በኋላ እትዬ አስካለ ሲያርፉ ነው። አየር ጤና አካባቢ ሌላ ልጃቸው ቤት ነበሩና ድንኳኑ እዚያ ተተከለ። ከዓለምነሽ ጋር ሄድን። የሺ ወፍራለች፤ ፀጉሯ ሸብቷል። ባሏ አርጅተው በምርኩዝ እየሄዱ ለቀስተኛ ያስቀምጡ ነበር። በእርግጥም ደግ ሰው ይመስላሉ።

ንፍሮ ስታድል እኔ ጋ ስትደርስ ጎንበስ ብላ ፊቴን አየችው፤ ልክ እንደ ጥንቱ። ደህና ይዘኸዋል አለችኝ። ያንቺ ሥራ ነው አልኳት። ፈገግ አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

“ያን ቀን እንቁላሉን ቀብቼ የጠየቅሁህ መልስህን ፈርቼ ነው። ማን እንደኔ ያለችውን ይፈልጋል ብዬ። እንዳትናገር ነበር።” ሳህኗን ወደ ሌላው እጇ አዛውራ፣ “ምን ልትለኝ ነበር?” አለችኝ።

ዓለምነሽ ከጎኔ ተቀምጣ ከአንዲት ሴት ጋር ታወራለች። ባሏ ከእኛ ጥቂት እርምጃ ርቀው ቆመዋል። ቆይቷል እኮ፣ ማን ያስታውሰዋል አልኳት። የሺ ራሷን ነቀነቀችና ሳህኗን ይዛ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈች። አዲስ ለቀስተኛ እያለቀሰ ገባ፤ ልትቀበለው ሄደች። እኛም ከጥቂት ጊዜ በኋላ በታክሲ ወደ ቤታችን ተመለስን።

ማህሌት ፊቷን ታጥባ፣ በፎጣ እያደራረቀች መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ክንድ ላይ መሞከሩን ማን እንዳስተማረኝ እንደገና ጠየቀችኝ። የሺ የምትባል ጎረቤት ነበረችን አልኳት። ስሟን በዚህ ቤት ውስጥ ስጠራ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም። ዓለምነሽ ከጓዳ ሰምታ ኖሮ ብቅ አለች።

“የእትዬ አስካለ ልጅ? በለቅሶው ቀን እኔን ስታይ ነው የዋለችው። ቀሚሴን ወዳው ይሆናል ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።”

ማህሌት ሳቀች፤ ዓለምነሽም ሳቀች። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ። ከዚያ ወሬው ወደ ሰርጉ ዞረ።

ያለፈውን ሕይወቴን በሌላ ሕይወት የምለውጠው አይደለሁም። የሺም ብትሆን ወልቂጤ ላይ ልጆች አሳድጋ፣ ተከብራ ነው የምትኖረው፤ ምናልባት እኔን ብታገባ ኖሮ ከዚያ ያነሰ ነበር የሚገጥማት። ይህን ሁሉ ለራሴ ስነግረው ኖሬያለሁ፤ ልክም ነው። የሚከነክነኝ ሌላ ነው። አንዲት ልጅ የሚፈልጋት እንደሌለ አምና ከዚህ ሰፈር ወጣች። እንደዚያ እንዳልነበር የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ተጠይቆ ሁለት ጊዜ አልተናገረም።